የመንግሥት ዋስ

ደሴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላሳደጉኝ አጎቴ ለጋሼ ዓባይነህ፤ መካነ ሰላም

እንደምን ሰነበቱልኝ? እትዬ ዝናሽስ እንዴት ናት? ጉልበቷን ሻል አላት? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ የእጅ ጽሑፍዎን እንደገና ለመድኩት። ርእሰ መምህር ሳሉ ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንደሚጽፉት ነው፤ ጥያቄዎ ሁሉ ቁጣ ቁጣ ይላል። ሾፌሩ ሁዜይፋ «መልስ ሳልይዝ እንዳልመለስ አስምለውኛል፣ ወላሂ ከዚህ አልንቀሳቀስም» ብሎ መናኸሪያ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አዎ፣ ቢተውን ማቆያ ቤት ገብቼ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከስቷል እንጂ ደህና ነው። የእናቱን የወርቂቱን ሰላምታ ስነግረው በሬዎቹን ለማንም እንዳታውስ፣ በተለይ ቦራው ጫንቃው ስላልዳነ ቀንበር እንዳይጫንበት አደራ አለ። ሹራብ ይፈልጋል። ከሦስት ዓመት በፊት መካነ ሰላም መጥቼ ለገበሬዎች ስለ መሬት መብት ሳስተምር ከፊት ተቀምጦ የነበረ ልጅ ነው፤ ያስታውሱታል። ልወጣ ስል መልሶ ጠራኝና «እትዬ የኔአለም፣ ‹በየትኛው ሕግ ነው በሉ› ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ከዚያ በኋላ ምን እንደምንል ግን አላስተማሩንም» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ፍርድ ቤት ለምን አልቀረበም ላሉኝ፣ አርባ ስምንት ሰዓት ማለቴን አልረሳሁም። ቢተው ከተደበቀበት ከዓባይ ቆላ ወጥቶ እጁን የሰጠው በእርስዎ ቃል ነው፤ የእርስዎ ቃል ደግሞ የቆመው በኔ ቃል ላይ ነው። ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «የከተማ ዳር ማሳችን እኛ ሳንሰማ የሚሸነሸነው በየትኛው ሕግ ነው?» ማለት ወንጀል እንዳልሆነ ለማስረዳት አንድ ጧት ይበቃኛል፤ ዳኛ ፊት ይቅረብልኝ ብቻ። ደግሞ ዛሬ እኮ ደጅ የምጠና ጠበቃ አይደለሁም፤ የመብት አቤቱታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነኝ። አንድ ሳምንት ይስጡኝ።

የከተማው ሽማግሌዎች ካባ ሊያለብሱኝ ማሰባቸውን ጽፈውልኛል። አፈርኩ። ቢተው ይውጣና ያን ጊዜ እናወራለን።

ልጅዎ የኔአለም


መካነ ሰላም፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየኔአለም

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ዝናሽም ሰላም ብላሻለች። ጉልበቷ እንዳለ ነው፤ ምላሷ ግን ድኗል።

አንድ ሳምንት ብለሽኝ ነበር። የመንግሥት ሳምንት ስንት ቀን እንዳለው አላውቅም፤ እኔ ሳስተምር ሰባት ነበር።

በምን ቃል እንደቆምኩ በሁዜይፋ በኩል አጥብቀሽ አስጠይቀሽኛል፤ እንደ ምስክር ልታደርጊኝ ነው መሰል። እንግዲህ ቃል በቃል ይኸው። በዕድሩ አዳራሽ ተሰብስበን ወርቂቱን «ልጅሽን ከቆላ አስወጪው፣ በሕግ ይዳኝ» ብለን ለመንናት። አዳመጠችንና «ዋስ ጥሩልኝ» አለች። ሰው ግራ ገባው። «ሁልጊዜ ለመንግሥት ዋስ የሚጠራው ድሃ ነው። ዛሬ መንግሥት ለኔ ዋስ ይጥራ» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ብድግ አልኩ። የእህቴ ልጅ ባለሥልጣን ናት፣ ቃሏ ቃሌ ነው፣ ለመንግሥት ዋሱ እኔ ነኝ፣ ዓባይነህ ይሙት አልኩ። አጨበጨቡልኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጭብጨባው ጣፍጦኝ ነበር።

ሰው ሁሉ ሰውን ለመንግሥት ይዋሳል፤ እኔ መንግሥትን ለሰው ተዋስኩ። እንዲህ ያለ ሞኝ በወሎ ቦረና ምድር ከኔ በፊት የበቀለ አይመስለኝም። የዋስ ሥርዓቱን ደግሞ ከሕግ ትምህርት ቤት በፊት ከኔው አፍ ሰምተሽዋል፤ የተዋሰለት ሰው ከጠፋ ዋሱ ራሱ ይገባል።

አሁን ወርቂቱ በገበያ ቀን ሁሉ እየመጣች ደጄ ላይ ትቀመጣለች። አትሰድበኝም፣ አታለቅስም። ዝናሽ ውሃ ስትሰጣት «ልጄ ሲመጣ እጠጣለሁ» ትላለች። ትቀመጥ ትቀመጥና ትሄዳለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ገብሷን በደቦ አጭደንላታል። ሹራቡን በሁዜይፋ እጅ ልካለች፤ ራሷ ፈትላ ያሠራችው ነው።

አጎትሽ ዓባይነህ


ደሴ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ዓባይነህ

እንደምን አሉልኝ? በመዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ።

ሹራቡ ደረሰኝ፤ ለቢተው ግን አልደረሰለትም። ይዤው ስሄድ ወደ ሌላ ማቆያ ተዛውሯል አሉኝ። ወዴት ስል «ይገለጽልዎታል» ተባልኩ። በዓይኔ ካየሁት ወር አልፎኛል። ይህን ለወርቂቱ ይንገሯት አይንገሯት ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

የገዛ መሥሪያ ቤትሽ ምን ይሠራል ብለው በሁዜይፋ ላስጠየቁኝ፣ ሰምተው ይሳቁ። ስለ ቢተው ለበላይ አቤቱታ ጻፍኩ። አቤቱታው ወረደ፣ ወረደና «ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት» ተብሎ ተመራ። የሚመለከተው የኔ ጽሕፈት ቤት ነው። በገዛ አቤቱታዬ ላይ «ደርሶናል» ብዬ ፈርሜ ማኅተም መታሁበት።

ጥብቅናሽን ለምን ተውሽ የሚለው ጥያቄዎ ግን አመመኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ቆሜ ተከራክሬያለሁ። ባሏ ሲሞት ከመሬቷ የተባረረች ሴት፣ ያለ ክስ የከረመ ተማሪ፣ ከአጅባርም ከደጎሎም እየተሳፈሩ ቢሮዬ ደጅ የሚያድሩ። በነጻ ነበር የምቆምላቸው፤ ስሜም የወጣው በዚያ ነው። አንዱን መዝገብ ሳሸንፍ ሦስት ይከፈታል። በሩን ከውጭ ስደበድብ ከምኖር ከውስጥ ሆኜ ብከፍተውስ አልኩ። ሹመቱ ሲመጣ «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ብለው የመረቁኝም እርስዎ ነዎት። ገባሁ። በሩ ከውስጥ እጀታ እንደሌለው ያወቅሁት ከገባሁ በኋላ ነው።

ጠበቃ ሳለሁ ቢያንስ ዳኛው ፊት «አቤት!» ብዬ እጮህ ነበር። አሁን አቤት የሚባለው ለኔ ነው።

ቢተውን ፈልጌ አገኘዋለሁ። ለወርቂቱ ሰላም ይበሉልኝ።

የኔአለም


ወርቂቱ ቤት፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔአለም

አድራሻዬን አይተሽ አትደንግጪ፤ ከዝናሽ አልተፋታሁም። ተራ በተራ ልንገርሽ።

መዛወሩን ነገርኳት። ተነሥታ ሄደች። በማግሥቱ ጎረቤቷን ኡሙልኸይርን አስከትላ ሽምግልና በተቀመጥንበት መጣች። የሁለት ሰው የድንበር ክርክር ይዘን ነበር። ወርቂቱ ከመሃል ቆመችና «ጋሽ ዓባይነህ፣ ዋሴ አንቱ ነዎት። ልጄ ካለ ያሳዩኝ። ከሌለ ዋሱ ይግባ» አለች።

ሽማግሌዎቹ «ተይ፣ የመንግሥት ነገር ነው፣ ሰውየው ምን ያድርግ» ሊሏት ጀመሩ። ኡሙልኸይር ግን ማንንም አልፈራችም። «እናንተ የሰው ሐቅ ስትዳኙ ከርማችሁ የራሳችሁ ሲመጣ የመንግሥት ሆነ? አላህ ያያችኋል!» አለች።

እኔ ምን ልበል? ይህን ሁሉ ዓመት የተዋሰለት ሲያመልጥ ዋሱን «ግባ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። «እገባለሁ» አልኩ። የሽማግሌዎችን ሰብሳቢነት እዚያው አስረከብኩ፤ ቃሉ የተበላበት ሰው የሌላውን ቃል ሊያስከብር አይችልም። በነጋታው ሞፈሬን በትከሻዬ ይዤ ወርቂቱ ደጅ ደረስኩ። ልጅሽ እስኪመለስ እንደ ልጅሽ ቁጠሪኝ፣ አርስልሻለሁ አልኳት። ብዙ አየችኝና በሬዎቹን አሳየችኝ።

ጠመኔ ሲይዝ የኖረ እጅ እርፍ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ለመገመት አትቸገሪም። የመጀመሪያው ቀን ትልሜ እባብ ሄደበት ያሰኝ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። ዝናሽ ምሳ ይዛ መጥታ «ጡረታህን ልታርሰው ነው?» አለችኝ። የቦራው ጫንቃ ድኗል፤ ለቢተው ንገሪው፣ ደስ ይለዋል።

ተናድጃለሁ፣ የኔአለም። በመንግሥት ብቻ አይደለም። በጭብጨባው፣ በራሴ፣ ባንቺም።

ዓባይነህ


ደሴ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዓባይነህ

እንደምን ሰነበቱ? እትዬ ዝናሽ እንደምን ሰነበተች? ወይዘሮ ወርቂቱስ? ጎረቤት ሁሉ ደህና ነው? የበልጉ ዝናብ ገባ? በሬዎቹ እንዴት ናቸው? እርስዎስ ወገብዎን አላመመዎትም? እባክዎ አይድከሙ፤ ቀትር ላይ ይረፉ።

ለጠየቁኝ ጥያቄ፣ ጉዳዩን በሚመለከት አስፈላጊው ክትትል እየተደረገ ይገኛል። ውጤቱ እንደታወቀ አሳውቃለሁ።

አንዳንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከላላ ይኖር የነበረው የወይዘሮ ወርቂቱ ወንድም አስናቀው አሁንም እዚያው ነው? ቢጠራ ቶሎ ይደርሳል? ሌላ የቅርብ ዘመድ አላት? የደም ግፊት አለባት ሲሉ የሰማሁ ይመስለኛል፤ እውነት ነው? ኡሙልኸይር አብራት ታድራለች ወይስ ብቻዋን ናት?

ለፋሲካ የሚሆን ጥቂት ነገር በሁዜይፋ ልኬያለሁ። የካባው በዓል ለጊዜው ይቆይልኝ።

በርቱልኝ።

የኔአለም


ወርቂቱ ቤት፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔአለም

ፋሲካን እንድናሳልፍ ብዬ ሳልጽፍ ቆየሁ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ የልጆች ጽሑፍ ሳርም ያረጀሁ ሰው ነኝ። በጥቅምት «ቢተው አለ፣ ቢተው ሳቀ» ብለሽ ጻፍሽ። በታኅሣሥም ቢተው ነበር። በመጋቢት «ጉዳዩ» ሆነ። ስሙ የለም። ቦራውን ንገሪው ብዬሽ ነበር፤ ነገርኩትም አልነገርኩትም አላልሽም። ይልቅ ወንድሟ የት ነው፣ ግፊት አለባት ወይ፣ ከማን ጋር ታድራለች አልሽ። ሰው እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው መቼ እንደሆነ ለማወቅ ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም።

አልጻፍሽውም። መርዶ በወረቀት አይነገርምና በዚህ አልፈርድብሽም። የምፈርድብሽ ከዚያ ወዲያ ነው። ደሴ ተቀምጠሽ «ክትትል እየተደረገ ይገኛል» የምትይው ለማን ነው? ያንን ቋንቋ እኔ አላስተማርኩሽም።

ምን እንዳደረግሽኝ ደግሞ ስሚ። ወርቂቱ ፊደል አልቆጠረችም። ደብዳቤሽ ሲመጣ ከፊቴ ትቀመጣለች፤ የማነብላት እኔ ነኝ። ያንን የመጋቢቱን ይዤ ምን ላንብብላት? «ቢተው ሰላም ብሎሻል፣ ሹራቡ ሞቆኛል ብሏል» አልኳት። ከባዶ ወረቀት አነበብኩ። ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያልዋሸ ሽማግሌ አይደለሁም፤ እንዲህ ዓይን ለዓይን እያየሁ ግን ዋሽቼ አላውቅም። እሷ «እሰይ» ብላ ተነሥታ በሬዎቹን ልትፈታ ሄደች።

አስናቀው ከላላ አለ። በበቅሎ ይደርሳል። ግፊት የለባትም። ኡሙልኸይር በየምሽቱ ትመጣለች።

ጥያቄሽን ሁሉ መለስኩ። አሁን አንቺ ነይ። በሕግ አምላክ! ድሮ ይህ ሲባል በጩቤ የሚያሳድድም ሰው ይቆም ነበር። አንቺ ደግሞ ከቆምሽበት ተንቀሳቀሺ። ቃሉ የወጣው ካንቺ ነው፣ መርዶውንም አንቺ አምጪው።

ዓባይነህ


ደሴ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታ የመጻፍ ፊት የለኝም፤ ይለፉኝ።

ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ ልንገርዎት። ከጥር መጨረሻ ጀምሮ። «ምርመራው እስኪጠናቀቅ ለቤተሰብ እንዳይገለጽ» የሚል ቃል ከበላይ መጣልኝ፤ ተቀበልኩት። መጀመሪያ ላይ አስከሬኑን ይሰጡኝ እንደሆነ ብዬ ነበር ዝም ያልኩት። ኋላ ላይ ግን ዝም ያልኩት ዝም ስላልኩ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔው ነቅዟል። አስከሬኑንም አልሰጡኝ። የት እንዳለ ግን ሄጄ አይቻለሁ፤ ቦታውን ለአስናቀው አሳየዋለሁ።

እንዴት እንደሞተ መጠየቅዎ አይቀርም። «በድንገተኛ ሕመም» ይላል የተሰጠኝ ወረቀት። ጠበቃ ብሆን ኖሮ ይህን ወረቀት ዳኛ ፊት እቀደው ነበር።

አሁን የምለውን ልብ ይበሉልኝ። ወደ መካነ ሰላም ለመምጣት ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቄ ተከለከልኩ። ለካባው በዓል ብዬ ስጠይቅ ግን በአንድ ቀን ፈቀዱልኝ፤ «ለመሥሪያ ቤቱም ክብር ነው» አሉኝ። ስለዚህ ካባውን እቀበላለሁ ይበሏቸው። በዓሉን ለእሑድ ግንቦት 17 ይያዙት፣ ድንኳኑን ይትከሉ፣ ሰው ይጥሩ። አስናቀው ቅዳሜ ይግባ። እኔ ቅዳሜ ማታ በሁዜይፋ መኪና እደርሳለሁ። ጎህ ሳይቀድ ከእርስዎና ከሽማግሌዎቹ ጋር ወርቂቱ ደጅ እንሆናለን።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ እመጣለሁ። ካባው እዚያው ይቆይ።

የኔአለም


ወርቂቱ ቤት፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየኔአለም

እንደምን አለሽ? እኛ አለን። ድንኳኑ ትናንት ፈረሰ። ላንቺ ክብር ተተክሎ በመርዶው ጧት ከአደባባዩ ተነቅሎ ወርቂቱ ግቢ የገባው ድንኳን ማለቴ ነው። ዕድሩ ኪራይ አልጠየቀም። ካባው ከነመጠቅለያው ዝናሽ ዘንድ አለ፤ ማን እንደሚለብሰው ኮሚቴው ገና አልወሰነም።

መልቀቂያ ማስገባትሽን ጽፈሽልኛል። አልመርቅሽም፣ አልረግምሽምም። ዘግይቷል።

ወርቂቱ መርዶ ስትሰማ ለምን አልጮኸችም፣ ለምን እንዲያው ቀና ብላ አየችን ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔም ሲከነክነኝ ነበር። ለቀስተኛው ሲያባራ ጠየቅኳት። እንዲህ አለችኝ፦

«የማውቀውን ነው የነገራችሁኝ። ያን ቀን ከሽማግሌዎች ፊት ‹ልጄ ከሌለ ዋሱ ይግባ› ያልኩት፣ ‹ልጅሽ እያለ ምን ጠፋና እገባለሁ› ብለው እንዲቆጡኝ ነበር። ቁጣዎን ፈልጌ ነው የመጣሁ። አንቱ ግን አልተቆጡም። ሞፈር ተሸክመው መጡ። ዋስ የሚገባው የተዋሰለት ሲጠፋ ነው። ያን ጧት ደጄ ላይ ሲቆሙ ልጄን ቀበርኩት።»

እኔ ያን ጊዜ ምንም የማውቀው አልነበረም፣ የኔአለም። ቃሌን አከበርኩ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር የሄድኩት። መርዶውን በትከሻዬ ተሸክሜ ገብቼ ኖሯል።

«ታዲያ ያን ሁሉ ወር ዝም ያልሽ? ከባዶ ወረቀት ሳነብልሽ ‹እሰይ› ያልሽ?» አልኳት።

«ልቅሶ ብቀመጥ እርሻውን ማን ያርስልኝ ነበር?» አለችኝ። «ማሳው ጦም ቢያድር ባለቤት የለውም ብለው ይሸነሽኑት የለ? ልጄ የሞተለት መሬት ነው። አንቱም ሲያነቡ ድምፅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንዳላሳፍርዎ ብዬ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ፊቷን ማየት ይከብደኛል፤ ግን እዚሁ ነኝ። ገብሱ ተዘርቷል። አጨዳው እስኪያልቅ አልወጣም፤ እሷም ይውጡ አላለችኝም።

አሁን የደብዳቤዬ ጉዳይ። ትናንት ድንኳኑ ሲፈርስ እያየች «ያች ልጅ ሥራዋን ለቀቀች አሉ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። እውነት ነው አልኳት።

«እንግዲያ ሥራ ፈት ናት። ጠበቃዬ ትሁን።»

«ማንን ልትከሺ ነው?»

«ያሰሩትን። ያዛወሩትን። ‹በድንገተኛ ሕመም› ብሎ የጻፈውን። እንዲያ አድርጌ ደግሞ እሷን። አርባ ስምንት ሰዓት ያለችው እሷ ናት፤ እያወቀች የደበቀችኝም እሷ ናት።»

«እሷን ከከሰስሽ እንዴት ብላ ጠበቃሽ ትሆናለች?» አልኳት።

«ሌላ ጠበቃ አላውቅ። ደግሞስ ጥፋቷን ከሷ አብልጦ የሚያውቅ ማን አለ?» አለችኝ።

ሕጉ ይህን ይፈቅድ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ የተላክሁትን ጽፌያለሁ። ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው መልስሽን በሁዜይፋ ላኪ፤ ደጅ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀች ነው። የማነብላት እኔ ነኝና እንዳለ የማነበውን ጻፊልኝ።

ዓባይነህ
የወርቂቱ ዋስ